ከ«ተፈሪ» እስከ «አሸባሪ»

ሐሙስ ቀን ጅማ ውስጥ ሄርማታ ገበያ መሀል ቆሞ ላየ ሰው፣ ሽብር እንዴት እንደሚፈጠር መገመት አያቅተውም። ማር የያዘው፣ ቅቤ ያስቀመጠችው፣ በርበሬ የዘረጋው፣ ጀንፈል በማዳበሪያ ሞልቶ ያቆመው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ተቀምጧል። ከከብት ተራ አንድ ወይፈን ገመዱን በጥሶ ቢገባ መጀመሪያ የሚጮኸው ወይፈኑን ያየ ነው። ሁለተኛው ግን የሚጮኸው የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምቶ ነው። ሦስተኛው ሁለተኛው ስለሮጠ ይሮጣል። ወይፈኑ ተይዞ ከታሰረ በኋላም የገበያው ማዶ ጫፍ ገና ይተራመሳል፤ እዚያ ያሉት ስለ ወይፈን የሰሙት ነገር የለም፤ አንዱ እሳት ነው ይላል፣ ሌላው ተኩስ ነው ይላል። አዛውንቶች ይህን ሲያወሩ «ገበያው ተሸበረ» ይላሉ። «ወይፈኑ አሸበረ» አይሉም። ወሬው ያረፈው በተሸበረው ላይ ነው፤ ወይፈኑን የሚያስታውሰው ባለቤቱ ብቻ ነው።

የዚህ ሐተታ ጉዳይ ይህችው ትንሽ ልዩነት ናት። ሽብር የሚለው ቃል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከተሸበረው ሰው ላይ ተነሥቶ ወደ አሸባሪው ዞረ። ሲዞር ምን ጥሎ እንደሄደ እንይ።

አማርኛ ለፍርሃት የሰጠው የግስ ቤት ሰፊ ነው፤ ክፍሎቹም በደንብ የተለያዩ ናቸው። ከ«ፈራ» እንጀምር። «አስፈራ» ስንል አድራጊው ሐሳብ እንዲኖረው ግድ አይደለም። ጨለማ ያስፈራል፣ ገደል ያስፈራል፣ በክረምት የጊቤ ሙላት ያስፈራል። ጨለማ ግን አያስፈራራም። ጊቤም ማንንም አስፈራርቶ አያውቅም። «ራ» ስትደገም በመሀሉ ዐላማ ይገባል፤ የሚያስፈራራ ሰው አለ፣ የሚፈልገው ነገር አለ፣ ነገሩን የሚያገኝበት መንገድ ደግሞ የሌላው ልብ ነው። ወንጀል ለመሆን ሐሳብ ያስፈልጋል እያሉ የሕግ ባለሙያዎች ገጽ ሙሉ የሚጽፉበትን ነገር ሰዋስዋችን በአንዲት ፊደል ጨርሶታል። ሌላም አለ። የሚያስፈራራ ሰው ገና አልመታም። ከመታ በኋላ ነገሩ ስሙ ይለወጣል። ስለዚህ ማስፈራራት ሁልጊዜ ስለሚመጣ ነገር የሚነገር ነው፤ አቅሙ ያልተፈጸመው ነገር ላይ ነው ያለው።

ይህን ከገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። በጌራም ሆነ በጎማ፣ በሊሙም ሆነ በሰቃ በቆሎው ሲያሽት ልጆች ማማ ላይ ይወጣሉ። ወንጭፍ አላቸው፣ ጅራፍ ያጮሃሉ፣ ዝንጀሮና ጦጣ ያባርራሉ። ልጅ የሌለው ወይም ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ደግሞ እንጨት አቁሞ አሮጌ ኮት ያለብሰዋል፤ ያም ማስፈራሪያ ይባላል። በመጀመሪያው ቀን መንጋው ከሩቅ ቆሞ ያየዋል። ቀን ሲቆጠር ይቀርበዋል። እንጨቱ ወንጭፍ እንደማይወረውር የገባው ዝንጀሮ በመጨረሻ ጥላው ሥር ተቀምጦ እሸቱን ይልጣል። ኮት የለበሰውን እንጨት አትርሱት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤት ውስጥ ያለው ማስፈራሪያ ደግሞ «አያ ጅቦ» ነው። አልተኛ ላለ ልጅ «አያ ጅቦ መጣልህ»፣ ከግቢ ለሚወጣው «ጆሮ ቆራጭ»። ማን አላደገበትም? እናቶቻችን አንድም ቀን ጅቡን አላመጡትም፤ ማምጣትም አላስፈለጋቸውም።

ጅማ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናትና ቃሉን በጎረቤቱም መመልከት ያስደስታል። በኦሮምኛ ፍርሃት «ሶዳ» ነው፣ ማስፈራት «ሶዳችሱ»፤ ዛቻ ያለበት ማስፈራራት ደግሞ ለብቻው «ዶርሲሱ» የሚል ግስ አለው። «ሶዳ»ን በፊደላችን ስንጽፍ ግን አንድ አስቂኝ ነገር ይመጣል። «ዳ» ከጠበቀች ቃሉ አማች ማለት ይሆናል። ፊደሉ መጥበቅና መላላት አያሳይምና «ፍርሃት» እና «አማች» ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። አማቹን ያገኘ ሁሉ ፊደሉ ተሳስቷል የሚል አይመስለኝም።

ፍርሃት በእኛ ዘንድ ነውር ብቻም አይደለም። ሰውን «ፈሪ» ማለት ስድብ ነው፤ «ሰው አይፈራም» ማለት ግን ከዚያ የባሰ ስድብ ነው። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ብሎ የሚተርተው ሕዝብ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለውን ሰው ያወድሳል፤ ጅማ ውስጥ መስጊድ የሚያዘወትረው ጎረቤቴም «ተቅዋ» ሲል የሚያመሰግነው ያንኑ ፍርሃት ነው። በዚህ ላይ አባቶች ለልጆቻቸው የሚያወጡትን ስም እንጨምርበት።

በዓለም ላይ ከፍርሃት የተሠራ፣ ከሁሉ የበለጠ የታወቀ ስም የእኛ ነው። «ተፈሪ» ማለት የሚፈራ፣ የተከበረ ማለት ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1923 ዘውድ ሲጭኑ ስማቸው ኃይለሥላሴ ሆነ፤ የጥንቱ ስም ግን ማዕረጉን አስከትሎ ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ ገባ፤ ዛሬ ራስታዎች የሚጠሩበት ሃይማኖት ሆኗል። እንግዲህ ኪንግስተን ውስጥ ጸጉሩን ጎንጉኖ ስለ ፍቅር የሚዘምር ሰው በአማርኛ የሚጠራው በሚፈራው ራስ ስም ነው። የእኚሁ ንጉሥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከደከሙት ዋነኛው፣ ከተማ ይፍሩ ይባሉ ነበር። አያታቸው ለአባታቸው «ይፍሩ» ብለው ሲያወጡ ጠላት ይፍራ ማለታቸው ይሆናል፤ የልጅ ልጅ ግን ሥራው ተፋሪዎችን አንድ አዳራሽ ማስገባት ሆነ።

«ተፈሪ» ጨዋ ስም ነው፤ ባለስሙ ምንም አያደርግም፤ ፍርሃቱ ራሱ ወደ እርሱ ይመጣል። «አሸብር» ግን ትእዛዝ ነው። ሂድ፣ ጠላትህን አተራምስ ይላል። «ሽብሩ» ይባላል፣ «ሽብሬ» ይባላል፤ ሽብሬ የተባለች ሴት ጎረቤት የሌለው ሰፈር ይኖራል? ፕሮፌሰር ሽብሩ ተድላ ዕድሜ ልካቸውን ሥነ ሕይወት አስተማሩበት። ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ የኢትዮጵያን ኦሊምፒክ ኮሚቴ መሩበት። ስሙ የተወለደው ጦርነት በጦርና በጋሻ በሚካሄድበት ዘመን ነው፤ ሽብር ማለት የጠላት ሰልፍ መፍረስ፣ ጦሩ ጀርባውን መስጠት ነበር። በዚያ ዘመን አባት ለልጁ የሚመኝለት ትልቁ ነገር ይህ ነበር። አሁንም ክርስትና ሲነሣ «አሸብር» የተባለ ሕፃን ያጋጥመኛል፤ ቄሱም ሆነ ክርስትና አባቱ ግር አይላቸውም። ከአንድ ሥር የወጣው «አሸባሪ» ግን እስከ ሞት የሚያስቀጣ የክስ ስም ነው። ከትእዛዝ አንቀጽ ወደ ባለቤት ስም መሻገር ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሄርማታ ራሷ ፍርሃትን በደንብ ታውቃለች፤ የከተማዋ ታሪክ በከፊል በመፍራት የተረፈች ከተማ ታሪክ ነው። በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር መዋጋትን ትተው መገበርን መረጡ። እናታቸው ጉሚቲ መከሯቸው ይባላል። ጎረቤቱ ከፋ አልገብርም አለ፤ በ1889 ዘመቻ በራስ ወልደጊዮርጊስ ተወግቶ አገሩ ተፈታ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በሰንሰለት ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ጅማ ግብሯን እየከፈለች፣ ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥቷን ይዛ፣ ሄርማታ ላይ ገበያዋን እያቆመች ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየች። አባ ጅፋርን ፈሪ ያለ የጅማ ሰው አልሰማሁም፤ ብልህ ነው የሚሏቸው። ግን ያች የዳነች ገበያ ምን ትሸጥ እንደነበርም መካድ አይገባም፤ ከቡናውና ከዝባዱ ጎን ከጦርነት አገር የተነዱ ሰዎች ለባርነት ይሸጡባት ነበር። ለእነርሱ ሄርማታ የፍርሃት ስም ነበረች። የጅማን ራስ ገዝነት በመጨረሻ የጨረሰው የዚያ «ተፈሪ» የተባለው ሰው መንግሥት መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።

እስከዚህ ድረስ ሽብር የሚሆን ነገር ነው፤ ማንም ሥርዓቴ ብሎ አልጠራውም። ያ የተለወጠው በ1969 ነው።

ቃሉ በአማርኛ ብቻ የተለወጠ አይምሰለን። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1793 እና በ1794፣ መንግሥት ሽብርን የአገር አስተዳደር መሣሪያ ነው ብሎ አወጀ። ሮቤስፔር አንገቱ ከተቆረጠ በኋላ አሸናፊዎቹ የእርሱን ሰዎች «ቴሮሪስት» አሉ። ይህ ቃል ሲወለድ የመንግሥት ሰው ስም ነበር ማለት ነው። በሩሲያ ሌኒን ከቆሰለ በኋላ፣ እንደዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1918፣ ቦልሼቪኮች ቀይ ሽብርን በይፋ አወጁ። የእኛ አብዮተኞች ከመጻሕፍቱ ጋር ቀለሞቹንም ተረከቡ። ኢሕአፓ የደርግ ሰዎችን መግደል ሲጀምር ደርግ ያንን «ነጭ ሽብር» አለው፤ ለራሱ ደግሞ «ቀይ»ን ወሰደ። በሚያዝያ 1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም አዲስ አበባ አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሕዝብ ፊት ሰበረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ ጅማም፣ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፣ ከዚያ አልዳነችም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልገረም። «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የመንግሥት መፈክር ነበር። በግድግዳ ተጻፈ፣ በሰልፍ ተፎከረበት፣ በወደቀ ወጣት ሬሳ ላይ ተለጠፈ። ዛሬ ማንም መንግሥት፣ ማንም ታጣቂ፣ ሥራውን ሽብር ብሎ አይጠራም፤ ሽብር የሌላው ሥራ ነው። ደርግ ግን ቃሉን እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ ሰካው። ሐሳቡም የተሰወረ አልነበረም፤ ሬሳው መንገድ ላይ የሚያድረው ለሞተው ተብሎ አይደለም፤ በማግስቱ በዚያ ለሚያልፈው ነው። ለቅሶ የተከለከለው፣ ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀው ስለዚያው ነው። አንዱ ይገደላል፣ ሺው ይሸበራል። የሄርማታ ወይፈን ይህን አላሰበም፤ የደርግ ሰዎች አስበውበታል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሲከሰሱ በሽብር አልተከሰሱም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ተቋቋመ፣ ችሎቱ በ1987 ተጀመረ፣ ጥፋተኝነቱ በታኅሣሥ 1999 ተነገረ፤ መንግሥቱ በሌለበት መጀመሪያ ዕድሜ ልክ፣ በግንቦት 2000 ደግሞ በይግባኝ ሞት ተፈረደበት። የተፈረደበት በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የዘር ማጥፋት አንቀጽ ነው፤ ያ አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትም ይጨምር ነበርና። ሽብርን በአደባባይ ያወጀው መንግሥት በሕግ አሸባሪ ተብሎ አያውቅም። የቃሉ ወንጀልነት የመጣው ከዚያ ፍርድ በኋላ፣ ለሌሎች ሰዎች ነው።

ያንን ያመጣው ሕግ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ይባል ነበር። ሕዝብን ማስፈራራትን ይጠቅስ ነበር፤ መንግሥትን ማስገደድንም ይጠቅስ ነበር፤ ንብረት ማበላሸትን፣ የሕዝብ አገልግሎት ማወክን ሁሉ በዚያው ጥላ ሥር አስገባቸው። ቅጣቱ ከ15 ዓመት ጽኑ እስራት ተነሥቶ እስከ ሞት ይሄድ ነበር። ለሽብር ማበረታቻ የሚሆን ነገር ማሳተም ብቻውን ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። በሰኔ 2003 ምክር ቤቱ ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር አንድ መዝገብ ላይ አሰፈረ። በ2004 ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት። በ2007 የሙስሊሞች መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላትና ከእነርሱ ጋር የተከሰሱት እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ጅማን በመሰለ ከተማ ያ ፍርድ የሩቅ ዜና አልነበረም።

እነዚያን ፍርዶች በዚህ ሐተታ መነጽር ልያቸው። በጽሑፉ የተፈረደበት ጋዜጠኛ ማንን አሸበረ? የትኛው ገበያ ተተራመሰ? የትኛዋ እናት ልጇን ከመንገድ ጠርታ በር ዘጋች? የሸሸ አልነበረም፤ የፈራ ካለ ሥልጣኑን የፈራ ነው። «አሸበረ» የተባለው ግስ ተሳቢውን አጥቶ ቆመ፤ አድራጊ አለ፣ ተደራጊ ግን የለም። እንደዚያ ያለ ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ መምህር ብንሰጠው በቀይ እስክሪብቶ ይመልሰዋል።

ቃሉ እንደገና የተገለበጠው በሰኔ 11 ቀን 2010 ነው። ከአጋሮ አጠገብ ካለችው ከቡና አገር በሻሻ የተወለዱት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ምክር ቤት ቀርበው፣ እስረኛን መግረፍ፣ ጨለማ ክፍል ማሰር የእኛ የሽብር ሥራ ነው አሉ። መንግሥት ከቀይ ሽብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ወደ ራሱ አዞረ፤ የአሁኑ ግን ፉከራ አልነበረም፣ ኑዛዜ ነበር። በወሩ መጨረሻ ሦስቱ ድርጅቶች ከመዝገቡ ተፋቁ። በ2012 አዋጅ ቁጥር 1176 የድሮውን ተካ፤ መብትን ለመጠቀም የሚደረግ የሥራ ማቆምና ሰልፍ አገልግሎት ቢያውክም ሽብር እንዳይባል በግልጽ ጻፈ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ቃሉን ወደ ቤቱ የመለሰ።

ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ምክር ቤቱ ሕወሓትንና ሸኔ ያለውን ታጣቂ አሸባሪ ብሎ ሰየመ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ሕወሓትን ከመዝገቡ አወጣ። ለጦርነት ማብቂያ ያስፈለገ ውሳኔ ነበርና አልከራከርበትም። ግን ቃል በድምፅ ብልጫ ገብቶ በድምፅ ብልጫ ሲወጣ ሰሚው አንድ ነገር ይማራል፤ «አሸባሪ» ማለት ዛሬ የምንዋጋው ማለት ነው ይላል። በመካከሉ መንደሩ ሲቃጠል ያየ፣ በሌሊት ተጠርቶ የወጣ ዘመዱ ያልተመለሰለት ሰው አለ፤ የእርሱ ፍርሃት በምክር ቤት እጅ ማውጣት አልገባም፣ እጅ በማውጣትም አይወጣም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሞተር ሳይክል ሲተኩስ የሚበረግግ ልጅ የትኛው ድርጅት ከየትኛው መዝገብ እንደተፋቀ አያውቅም።

ወደ ኮት ለባሹ እንጨት ልመለስ። የተቃወመው ሁሉ፣ የጻፈው ሁሉ፣ ያኮረፈው ሁሉ «አሸባሪ» ሲባል ከርሞ፣ አንድ ቀን እውነተኛው አሸባሪ፣ አውቶቡስ አስቁሞ መንገደኛ የሚያግተው፣ ሲመጣ ቃሉ ባዶ ኮት ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡ ጥላው ሥር ተቀምጧል። የፈራ ሰው «አሸበሩን» ሲል ሰሚው «ማን ነው ደግሞ የተሰየመው?» ይላል። ትልቁ ጉዳት ይኸው ይመስለኛል፤ ቃሉ የተሰረቀው ከተከሰሱት ብቻ ሳይሆን ከተሸበሩት ነው።

በዚያው የግስ ቤት አንድ ክፍል ቀርቶኛል፤ «መፈራራት»። እዚህ ላይ አድራጊና ተደራጊ አይለዩም። ሰው ለሰው ይፈራራል። ሻይ ቤት ሁለት ሰዎች ስለ ቡና ዋጋ በደንብ ሲጫወቱ ይቆዩና ሦስተኛ ሰው አጠገባቸው ወንበር ሲስብ ስለ ዝናብ ይጀምራሉ። ማንም አላስፈራራቸውም። መፈራራቱ ከ1969 ጀምሮ የተከማቸ ነው፣ በአዋጅ አይሻርም፣ ተከሳሽም የለው።

ስለዚህ ለጋዜጠኛ ባልንጀሮቼ አንድ ልመና አለኝ፤ ለዐቃቤ ሕግም ይሁንልኝ። «አሸባሪ» ብላችሁ ስትጽፉ በዚያው ዐረፍተ ነገር ወይም በሚቀጥለው ማንን እንዳሸበረ፣ የት፣ መቼ ጻፉልን። ቀበሌውን ጥቀሱ፣ ገበያው ስንት ቀን እንደተዘጋ፣ ስንት ሰው ሸሽቶ እንደወጣ ንገሩን። ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ ሌላ ቃል ፈልጉ፤ አማርኛ ለተቃዋሚም፣ ለዐመፀኛም፣ ለሽፍታም፣ ለነገረኛም ቃል አላነሰውም።